ባሕሩ የሚሸሽባት ከተማ፦ አራት ቀን በባጋሞዮ

ሐሙስ

አዲስ አበባን የተሰናበትኳት የሐምሌ ዝናብ የቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ ሳለ ነበር። ከሦስት ሰዓት ያህል በረራ በኋላ የተቀበለችኝ የታንዛኒያዋ ዳሬሰላም ግን ሰማይዋ ጥርት ያለ ነበር፤ በዚያ ዳርቻ ሐምሌ ደረቅ ወር ሲሆን፣ የአገሩ ሰዎች ኩሲ የሚሉት ከደቡብ የሚነፍሰው የወቅት ነፋስ የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት ያበርደዋል። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ከ5.3 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ የተቆጠረባትን ይህችን ታላቅ ከተማ (በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እየተዘዋወርኩ ለማየት ሁለት ቀን ወሰድኩ። ያሳደረኝ አብሮ አደጌ በሥራ ምክንያት ዳሬሰላም መኖር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። «ባሕር ለማየት ከመጣህ ባጋሞዮ ሂድ፤ እዚህ ባሕሩ ወደብ ነው፣ እዚያ ግን ጓዳ ነው» ብሎ የዛሬውን ጉዞዬን የወሰነልኝ እርሱ ነው።

ባጋሞዮ ከዳሬሰላም በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከዛንዚባር ደሴት ፊት ለፊት የምትገኝ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ናት። ዳላዳላ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሬ፣ ቴጌታ አጠገብ ያለውን የሲሚንቶ ፋብሪካና የቡንጁን መንደሮች አልፈን ስንሄድ፣ የከተማው ግርግር በዝግታ እየሳሳ ቦታውን ለኮኮናት ዛፍና ለካሳቫ ማሳ ለቀቀ። መቼ እንደምንደርስ ረዳቱን ብጠይቀው «ሳ ኩሚ» አለኝ፤ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው። አብሮ አደጌ አስቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ ፈረንጆቹ እንደሚቆጥሩት መስሎኝ ሌሊት የምንገባ ይመስለኝ ነበር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ነው፤ የእነርሱ አንድ ሰዓት የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ከአገሬ ውጭ በኖርኩባቸው ቀናት ሁሉ ሰዓቴን በሐሳቤ ስድስት እየደመርኩና እየቀነስኩ ስለኖርኩ፣ የሌላ አገር ሰው የእኔን ሰዓት በአፉ ሲጠራ መስማት ከዘመድ ጋር የመገናኘት ያህል ደስ አሰኘኝ።

በተባለው ሰዓት ደረስን። ሻንጣዬን በማረፊያዬ አስቀምጬ ወደ ዳርቻው ስወርድ ባሕሩ ሞልቶ፣ የአሮጌዎቹን ሕንፃዎች የድንጋይ ግንብ ሊነካ ጥቂት ቀርቶት አገኘሁት። ጀልባዎቹ እየተንሳፈፉ በመልህቃቸው ዙሪያ ይወዛወዛሉ። ግንቡ ላይ ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አብሮ አደጌ እንዳስተማረኝ፣ «ሺካሞ» ብዬ እጅ ነሣሁ። የቃሉ መነሻ «እግርዎን ይዣለሁ» እንደ ማለት ነው ይላሉ፤ ታላቅ ሰው «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። የታላቆቹን ጉልበት እየሳመ ላደገ ሰው ይህ ሰላምታ እንግዳ አይሆንበትም። ሽማግሌው ማራሃባ ካሉኝ በኋላ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እያፈራረቁ «ነገ አራት ሰዓት ላይ ተመልሰህ እየው» አሉኝ። ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ዓርብ

ጠዋት በአራት ሰዓት ወደዚያው ግንብ ተመለስኩ። ባሕሩ የለም።

ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ትናንት ውኃ በነበረበት ቦታ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ እርጥብ አሸዋ ነው ያለው፤ ውቅያኖሱ ከአድማስ ሥር ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ጀልባዎቹ እንደ ተኙ ከብቶች በጎናቸው ጋደም ብለዋል። የጣናን ሐይቅ ዳርቻ «ባሕር ዳር» ብለን ለምንጠራ ለእኛ፣ ባሕር ማለት ክረምት ከበጋ ጥቂት ከፍና ዝቅ ከማለቱ በቀር በቦታው የሚኖር ነገር ነው። እዚህ ግን ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ፣ ፀሐይና ጨረቃ ውኃውን በአንድ መስመር በሚስቡበት ሰሞን፣ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ዳርቻው እንደ መሶብ ክዳን ተዳፋት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ የሚታየው በግንቡ ላይ ብቻ በሆነ ነበር፤ የባጋሞዮ ዳርቻ ግን እንደ ገበታ ዝርግ ስለሆነ፣ ሦስት ሜትር የቀነሰ ውኃ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ርቆ ይሄዳል። የአገሩ ሰው ሙላቱን ማጂ ኩጃ፣ ሽሽቱን ማጂ ኩፕዋ ይለዋል። ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ወስዶ ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ወስዶ ይሸሻል፤ በየቀኑም አርባ፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ሽማግሌው «አራት ሰዓት» ያሉኝ የእጅ ሰዓት ተመልክተው ሳይሆን ጨረቃዋን ቆጥረው እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

ጫማዬን አውልቄ ወደ ውስጥ ገባሁ። አሸዋው እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ነው፤ በየትልሙ መካከል የቀረው ውኃ ፀሐይዋን ይዟል። ትንንሽ ሸርጣኖች እግሬ ሲቃረብ ወደየጉድጓዳቸው ይሰወራሉ። ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው አሸዋውን እየጫሩ ዛጎል ይለቅማሉ፤ ወንዝ ዳር ጎመን የሚለቅሙ ይመስላሉ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሳልራመድ አልቀረሁም። ፊቴን ወደ ባሕሩ እንዳዞርኩ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ፤ ዞር ስል አንድ አስጋሪ እጁን እያወዛወዘ ይጠራኛል። ውኃው መመለስ ጀምሯል፤ የተመለሰውም ከፊቴ ብቻ ሳይሆን ሳላስተውለው ባለፍኩት ዝቅተኛ ቦታ በኩል ከኋላዬም ጭምር ነበር። ድምፅ የለውም፣ ማዕበል የለውም፤ ዝም ብሎ ይሞላል። አስጋሪው በሚያመለክተኝ በኩል ስወጣ ውኃው ጉልበቴ ደርሶ ነበር። ሰውየው ምንም ሳይቆጣኝ እጄን ጨብጦ «ፖሌ» አለኝ። ፖሌ የእኛ «አይዞህ» ነው፤ ለሚሰናከልም፣ ለሚያዝንም፣ ለሚደክምም ይባላል።

ዕለቱ ዓርብ በመሆኑ ብዙዎቹ አስጋሪዎች ከስግደት በፊት ወደ ባሕር አይወጡም ነበርና፣ በኮኮናት ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። የጠራኝ አስጋሪ አጠገቡ ቦታ ሰጠኝ። የተቀደደውን የመረብ ዓይን በአንድ እጁ ዘርግቶ፣ በሌላው እጁ ክር የተጠቀለለበትን የእንጨት መርፌ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ እያሾለከ ይቋጥራል፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከጎረቤቱ ጋር እኩል እንዲሆን የሚለካው በጣቱ ወርድ ነው። ንጋላዋ የሚሏትን ጀልባውንም አሳየኝ። ንጋላዋ ከአንድ የማንጎ ግንድ ተቦርቡራ የምትሠራ፣ በግራና በቀኝ ከተዘረጉ አግዳሚዎች ጫፍ የታሰሩ ሁለት ጠፍጣፋ ሳንቃዎች ሚዛን የሚጠብቁላት፣ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ያላት ጠባብ ታንኳ ናት። ያለ እነዚያ ሁለት ክንፎች ከአንድ ነፋስ በላይ አትችልም። ከንጋላዋዎቹ አለፍ ብሎ በሳንቃ የሚሠሩት ትልልቅ ጀልባዎች አሉ፤ አናጢው የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ በዘይት በተነከረ ጥጥ እየጠቀጠቀ ሲደፍን ለረጅም ጊዜ ቆሜ ተመለከትኩት። ውኃ የሚያስገባው ቀዳዳ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቀው መዶሻው ሲያርፍ በሚሰጠው ድምፅ ነው።

የከተማዋ ታሪክ ሁሉ ከዚህ ዝርግ አሸዋ የተነሣ መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ተቀምጬ ነው። በነፋስ የሚሄድ ጀልባ በሙላት ጊዜ እስከ ዳርቻው መጥቶ፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ያርፋል፤ ጭነቱን በትከሻ አራግፎ፣ ሌላ ጭኖ፣ በሚቀጥለው ሙላት ይሄዳል። ወደብ አያስፈልገውም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ከኡጂጂ ተነሥቶ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ቅፍለት መድረሻው ባጋሞዮ የሆነበት፣ የዝሆን ጥርሱና በባርነት የተነዱት ሰዎች ወደ ዛንዚባር የተሻገሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጀርመኖችም የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛታቸውን መቀመጫ መጀመሪያ እዚሁ አደረጉ፤ ነገር ግን የእንፋሎት መርከብ አሸዋ ላይ ሊያርፍ ስለማይችል፣ ከሩቅ ቆሞ በጀልባ መጫንና ማራገፍ ግድ ሆነበት። ስለዚህ በ1891 መናገሻቸውን ጥልቅ የተፈጥሮ ወደብ ወዳላት ወደ ዳሬሰላም አዛወሩ። ንግዱ ተከትሏቸው ሄደ፤ ባጋሞዮ ላይ የቀረው ከአሸዋው ጋር መኖር የሚያውቀው አስጋሪ ነው።

ማታ ጨረቃ አልነበረችም። ከስግደት በኋላ የወጡት ጀልባዎች ዳጋ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ለማጥመድ ፋኖሶቻቸውን ባሕሩ ላይ አብርተው ነበር፤ ዓሣው በጨለማ ሌሊት ወደ ብርሃን ስለሚሰበሰብ፣ ጨረቃ በሞላችበት ሰሞን ይህ ሥራ አይሠራም። ከማረፊያዬ በረንዳ ሆኜ ብርሃኖቹን ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ ተቀላቀሉብኝ።

ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከዓሣ ገበያው ነበርኩ። ጀልባዎቹ ውኃው ወገብ በሚደርስበት ቦታ ይቆማሉ፤ ወጣቶች ቅርጫቱን በትከሻቸው ተሸክመው እየተንቦጫረቁ ያወጡታል። ዓሣው ሲሚንቶው ላይ በክምር በክምር ይዘረገፍና ጨረታው ይጀመራል።

ጨረታውን የሚያካሂደው ሰው ዳላሊ ይባላል። ደላላ መሆኑ ነው። ዳላሊው አንድ እግሩን ከክምሩ ፊት አስቀድሞ፣ ድምፁን እንደ ቅኔ ተቀባይ ከፍና ዝቅ እያደረገ ዋጋ ይጠራል፦ «እልፉ ኢሺሪኒ! እልፉ ሠላሢኒ! እልፉ አሮባይኒ!» ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሠላሢኒ ሠላሳ ነው፤ አሮባይኒ አርባ ነው፤ ሀምሲኒ ሃምሳ፣ ሳባ ሰባት፣ ኢሺሪኒ ደግሞ በግዕዙ ዕሥራ የምንለው ሃያ ነው። እልፉም የእኛው እልፍ ነው፤ ልዩነቱ እኛ እልፍ የምንለው አሥር ሺህን ሲሆን፣ እነርሱ አንድ ሺህን መሆኑ ብቻ ነው። እነዚህ ቃላት ወደ ስዋሂሊ የገቡት በነጋዴዎች አፍ ከዐረብኛ ነው፤ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር የሚያዛምዳቸውም የሴም ቋንቋዎች ሥር ነው። ባሃሪ ባሕር ነው፤ ሳ ሰዓት ነው፤ እንግዳ ሲቀበሉ «ካሪቡ» የሚሉት ቅረብ ማለታቸው ነው። ሰዋስው ያላስተማረኝን ይህን ዝምድና አንድ ደላላ በዓሣ ክምር ላይ ቆሞ አስተማረኝ፤ በትምህርት ቤት ዘመኔ ሁሉ ስዋሂሊን የሩቅ ሰው ቋንቋ አድርጌ መቁጠሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከጨረታው ሜዳ ጀርባ ዓሣ የሚጠብሱት እናቶች ምድጃ አለ። በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደው ብረት ድስት አንድ ሰው አቅፎ የማያነሣው ነው። አንዲት እናት ኪቡዋ የሚሉትን ዓሣ በግራ እጃቸው ጭራውን ይዘው፣ በሁለቱም ጎኑ ሦስት ሦስት ጊዜ በስለት ሸንተር ያደርጉታል፤ ጨው በጣታቸው ወደ ሽንትሩ ይከትታሉ፤ ከዚያ በድስቱ ከንፈር በኩል ወደ ዘይቱ ያንሸራትቱታል። ዘይቱ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዓሣው የሚወጣው ዝም ሲል ነው፤ ውኃው አልቋል ማለት ነውና። ለምን እንዲህ ደረቅ እስኪል እንደሚጠብሱት ጠየቅኳቸው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ገበያና መንገድ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን የሚቆየው በዚህ መንገድ ብቻ ነው አሉኝ። እዚያው ቆሜ አንዱን ከሎሚ ጋር በላሁ። ቆዳው እንደ ቆሎ ይሰባበራል፣ ውስጡ ግን ነጭና ለስላሳ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ (እነርሱም ባጃጂ ይሉታል) ከከተማዋ በስተደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ካኦሌ ሄድኩ። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኖረች የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ ናት፤ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ሁለት መስጊዶችና በርካታ መቃብሮች ይታያሉ፣ ከመቃብሮቹ አንዳንዶቹ ላይ የድንጋይ ዓምድ ቆሞባቸዋል። መቃብሩን ካቡሪ ነው የሚሉት። ከዓምዶቹ ሥር ቆሜ ባሕሩን ብፈልግ አላየሁትም፤ በመካከላችን ሥሩን በጭቃ ውስጥ እንደ ሸረሪት እግር የተከለው የማንግሮቭ ደን አለ። ዳርቻው በደለልና በማንግሮቭ ሲዘጋ ጀልባው ወደ ባጋሞዮ ዞረ፤ ባጋሞዮ ለእንፋሎት መርከብ አልመች ስትል ደግሞ መርከቡ ወደ ዳሬሰላም ዞረ። በአሁኑ ዘመንም እዚሁ አቅራቢያ ምቤጋኒ ላይ ጥልቅ ወደብ ለመገንባት በ2013 ከቻይና ጋር ስምምነት ተደርጎ፣ በ2019 እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ምቤጋኒ ዓሣ ማስገር የሚያስተምር ተቋም ያለባት ናት።

ማታ ከከተማዋ የኪነ ጥበባት ኮሌጅ በኩል የከበሮ ልምምድ ይሰማ ነበር።

እሑድ

የባጋሞዮ ስም የመጣው «ብዋጋ» እና «ሞዮ» ከሚሉ ቃላት ነው፤ ሸክምን ማራገፍና ልብ። ሁለት ትርጓሜ ይሰጡታል። አንደኛው ወራት በእግሩ የተጓዘው ተሸካሚ እዚህ ሲደርስ ልቡን ያሳርፋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰንሰለት የመጣው ሰው ወደ ጀልባ ሲገባ ልቡን እዚህ ጥሎ ይሄዳል የሚል ነው። የከተማዋ ሰዎች ሁለቱንም ይነግሩሃል፣ አንዱንም አይመርጡም። እኔም መምረጥ አልቻልኩም፤ ሁለቱም ሰዎች በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቅፍለት መጥተዋልና።

ጠዋት በማንጎ ዛፎች ጥላ በተሸፈነው መንገድ ወደ ካቶሊክ ሚሲዮኑ ሄድኩ። የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር ካህናት በ1868 የመሠረቱት ሲሆን፣ ከባርነት ዋጅተው ያወጧቸውን ሰዎች ያሰፈሩበት የነጻነት መንደር እዚሁ ነበር። በግቢው ካለው ግዙፍ ባኦባብ ግንድ የአንድ ሰንሰለት ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። አንዲት እመቤት አህያቸውን ያስሩበት የነበረ ነው ይባላል፤ ዛፉ በዓመታት ውስጥ እየወፈረ ውጦት የቀረው ጥቂት ዘለበት ነው። ሰንሰለቱ የእንስሳ ማሰሪያ እንደነበር እያወቅኩም፣ በዚህ ከተማ ስለሆነ ብቻ እጄን ላሳርፍበት አልደፈርኩም።

ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የቀረው ግንብ በስኮትላንዳዊው ተጓዥ በዴቪድ ሊቪንግስተን ስም ይጠራል። ሊቪንግስተን በ1873 ዛሬ ዛምቢያ በሆነችው ምድር ሲሞት፣ ልቡን ጓደኞቹ እዚያው ከዛፍ ሥር ቀበሩት፤ አስከሬኑን በጨውና በፀሐይ አድርቀው፣ ቹማና ሱሲ የሚመሯቸው አፍሪካውያን ባልደረቦቹ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ በትከሻቸው ተሸክመው በየካቲት 1874 እዚህ አደረሱት። በዚህች ቤተ ክርስቲያን አድሮ ወደ ዛንዚባር ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያም ለንደን በዌስትሚንስተር ተቀበረ። ግንቡ በሊቪንግስተን ስም መጠራቱ አልከፋኝም፤ ያን ሁሉ ወራት አስከሬን ተሸክመው የመጡት ሰዎች ስም ግን ከእርሱ ጎን በዚያው ልክ ሲጠራ መስማት እወዳለሁ።

ወደ ዳርቻው ስመለስ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ባሕሩ እንደገና ሸሽቷል። ከግንቡ ዳር፣ በ1888 እና በ1889 በተነሣው ዐመፅ የተሳተፉትን ሰዎች ጀርመኖች የሰቀሉበትን ቦታ የሚያመለክት ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ጥቂት ርቀት ላይ ዓርብ ዕለት የጠራኝ አስጋሪ ጀልባውን እየፈተሸ አገኘሁት፤ ውኃው በአሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ይወጣል። ለአብሮ አደጌ ስጦታ ብዬ ከእናቶቹ ምድጃ የተጠበሰ ኪቡዋ ገዛሁ፤ በጋዜጣ ጠቅልለው በገመድ አሰሩልኝ።

ዳሬሰላም ስደርስ አብሮ አደጌ ኪቩኮኒ በሚባለው፣ ወደቡ ከውቅያኖሱ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ አፍ ዳር ይጠብቀኝ ነበር። አጥሩ ላይ ተቀምጠን ዓሣውን ፈታነው። «ስንት ገዛኸው?» ሲለኝ «እልፉ ሳባ» አልኩት። በዚያው ሰዓት ኮንቴይነር የጫነ መርከብ በፊታችን ቀስ ብሎ አለፈ፤ ከጎኑ ከፍታ የተነሣ ማዶው ኪጋምቦኒ ለጥቂት ጊዜ ተሸፍኖ ጠፋ። መርከቡ ገብቶ ሲያበቃ፣ የተወው ሞገድ ዳር ላይ የታሰሩትን ንጋላዋዎች አንድ በአንድ እያነሣ አስቀመጣቸው።